ገደል ሥር «አቤት» አይባልም

ሰው ሲጠራኝ «አቤት» ሳልል መቅረት አልችልም። እናቴ እንደዚያ አድርጋ ነው ያሳደገችኝ። ልጅ ሆኜ ተጠርቼ ዝም ካልኩ፣ ወይም እንዳቀረቀርኩ «እ?» ካልኩ ጭኔ ይመዘለግ ነበር። «ትልቅ ሰው ሲጠራሽ ቀና በይና ፊትሽን መልሰሽ አቤት በይ! ሰው ምን ይለኛል?» ትለኛለች። እኔም ተማርኩ፤ ለልጄም አስተማርኩ። ይሄ አቤት ማለት ለሞት ሊያበቃኝ ነበር ብል ማን ያምነኛል? እኔ ራሴ ሆስፒታል ተኝቼ ስሰማው ማመን አቅቶኝ ነበር። ይህን የምጽፈው ራሱን ያመመውን ሰው ሁሉ ለማሸበር አይደለም። ግን የእኔ በሽታ ከሳምንታት በኋላ የታወቀው በአጋጣሚ ነው። ያ አጋጣሚ ባይኖር ኖሮ እናቴ ዛሬ ጥቁር ለብሳ ነበር። ሌላው ሰው አጋጣሚ እንዳይጠብቅ ብዬ ነው።

ስሜ ውባለም ነው፤ ውብዬ ይሉኛል። ቡታጅራ ተወልጄ ቡታጅራ ያደግኩ ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለቤቴ ደምሴ ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣል። ፌቨን የምትባል ዘንድሮ አንደኛ ክፍል የገባች ልጅ አለችን። እንዲህ ያለች ባለትዳር ገደል ላይ ምን ትሠራለች ካላችሁኝ፣ ጥፋቱ የጋሽ ሙላቱ ነው።

ጋሽ ሙላቱ ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር ናቸው። በወጣትነታቸው ከወሎ ተመድበው መጥተው እዚሁ ቀሩ፤ አሁን ጉራግኛቸው ከአንዳንዶቻችን ይሻላል። አዲስ አበባ የገቡ የድሮ ተማሪዎቻቸው ገመድ፣ የወገብ ማሰሪያና ሄልሜት ላኩላቸውና፣ እሁድ እሁድ ከከተማው በላይ ወደ ዘቢዳር ተራራ በሚያወጣው ዳገት ላይ ካለ ገደል የከተማውን ወጣቶች ድንጋይ መውጣት ማለማመድ ጀመሩ። አንድ ቀን ሱቄ መጡና «ውብዬ፣ ለዚህ ገመድ ጠንካራ ከረጢት ስፊልኝ» አሉኝ።

«ይሄ ሁሉ ገመድ ምን ሊሆን ነው ጋሼ? ግመል ሊያስሩበት ነው?»

«እሁድ ነይና እዪው» አሉኝ። ሄድኩ። ሄጄም ቀረሁ።

ደምሴ «አንቺ ሴትዮ፣ ሜዳው ጠቦሽ ነው?» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ጠቦኝ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ መኪና ላይ ጎንበስ ብዬ ክር ስቆጥር እውላለሁ። እሁድ ያንን ገደል በእጄም በእግሬም ይዤ ከፍ ስል፣ ከታች የቡታጅራ ቆርቆሮ ሲያብለጨልጭ ሳይ፣ ወገቤ ተፈትቶ እንደገና የተሰፋ ይመስለኝ ነበር። ገመዱ ደግሞ ላይ ታስሮ ታች በሌላ ሰው ስለሚያዝ ብወድቅም ተንጠልጥዬ እቀራለሁ እንጂ መሬት አልደርስም። መውደቅን አልፈራም ነበር። ጋሼ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «እዚህ የሚገድለው መውደቅ አይደለም፣ የሚወድቅባችሁ ነው» ይሉን ነበር። ድንጋይ ከመጨበጣችሁ በፊት እንደ ገንቦ አንኳኩት፣ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ተዉት። ዝናብ ባደረ ማግስት አትምጡ፣ አፈሩ ድንጋዩን ይለቀዋል። ሰው ላይ ካለ በቀጥታ ከሥሩ አትቁሙ፣ ወደ ጎን ራቁ። ድንጋይ ያመለጠው ሰው «ድንጋይ!» ብሎ ይጩህ። የሰማ ግድግዳው ላይ ይለጠፍ፣ አንገቱን ይቅበር፣ ላይ ያለው «አለቀ» እስኪል ወደ ላይ እንዳያይ። ይህን ሁሉ ሸምድደነዋል።

የዚያን እሁድ ሌሊቱን ካፊያ ጥሎ ነበር። «ይኼ ደግሞ ዝናብ ነው?» ተባብለን ወጣን። ጋሼ ገመዱን ሊያስሩ በጓሮ በኩል ዞረው ከገደሉ አናት ደርሰዋል። እኔ ሄልሜቴን አጥልቄ፣ ወደ ጎን መራቅ የሚባለውን ትቼ፣ ከገደሉ ሥር ያለች የምትመች ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የጫማዬን ክር አስራለሁ። ጥላ ነበራት፣ ለዚያ ነው የተቀመጥኩባት። በዚህ መሃል ከጋሼ እግር ሥር ድንጋይ አመለጠ። እሳቸው ናቸው ያንን ሕግ ያስተማሩን፤ ሲደነግጡ ግን ከአፋቸው የወጣው «ድንጋይ» የሚለው ቃል አልነበረም።

«ውብዬ!» ብለው ጮኹ።

እኔስ ምን አደረግኩ? ቀና አልኩና ፊቴን መልሼ «አቤት ጋሼ!» አልኩ።

ጥቁር ነገር ሲመጣ አየሁ፤ ከዚያ ቋ! አለ። የሄልሜቴን ፊተኛ ጠርዝ፣ ከቀኝ ቅንድቤ ከፍ ብሎ መታኝና ቂጤ ላይ ቁጭ አደረገኝ። ጥቂት አቀርቅሬ ብቆይ ኖሮ የሄልሜቱ አናት ይቀበለው ነበር፤ ግድግዳው ላይ ብለጠፍ ደግሞ ጭራሽ አያገኘኝም ነበር። ጋሼ ዓይናቸው ፈጦ ወረዱ። ደም የለም። ራሴን ነካካሁ፤ ትንሽ እብጠት ብቻ። «ሐኪም ቤት እንሂድ» አሉ። «ኧረ ጋሼ፣ ሄልሜት እኮ ነው የመታው» አልኳቸው። ያኔ ከልጆቹ አንዱ «አቤት ጋሼ!» ብሎ ድምፄን አስመሰለ። ሁሉም በሳቅ ፈረሱ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገደሉ ላይ ስሜ «አቤት» ሆነ። ሄልሜቱንም ለመታሰቢያ ብዬ ሱቄ ውስጥ ሰቀልኩት።

ለደምሴ አልነገርኩትም። ብነግረው እሁዴ ማብቃቱ ነው። ደግሞስ ምን ብዬ እነግረዋለሁ? ለእኛ ሳቅ ሆኖ አልፏል።

እብጠቱ ወዲያው ጠፋ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ገደማ ነው ራስ ምታቱ የጀመረው። ስነሳ ይብሳል፣ ሳስነጥስ ራሴ ሊፈነዳ ይደርሳል። ክኒን ስውጥበት ጥቂት ይተወኝና ተመልሶ ይመጣል። የቆጮ ሽታ ያስመልሰኝ ጀመር፤ እናቴ ፈገግ ብላ ሆዴን ሆዴን ታየኝ ነበር። አይደለም እማዬ! በኋላ ሐሳቧን ለውጣ «ምች ነው የመታሽ፣ ከማብሰያው ተነስተሽ ፀሐይ ላይ ወጥተሽ ነው» ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣችኝ፤ ግንባሬንም አሸችኝ። ሽታው ደስ ይላል፤ ምታቱ ግን ንቅንቅ አላለም።

አስፋልቱ ዳር ያለ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን፣ ከእኔ ሌላ ስንት ሰው ራሱን ይዞ ተቀምጧል። እኔን የሚለየኝ ምንም ነገር የለም። ደም ወሰዱና «ታይፎይድ አለብሽ፣ ታይፈስም ነካ አድርጎሻል» አሉኝ። እኛ አገር ራሱን ያመመው ሰው እነዚህን ሁለቱን ይዞ ካልወጣ የታከመ አይመስለውም። መድኃኒቱን ጨረስኩ፤ ራሴ እንደነበረ ነው። ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ። ልብስ ሰፊ መሆኔን ሲሰሙ «በቃ ዓይንሽ ነው፣ መርፌ ስታዪ ስለምትውዪ» ብለው መነጽር አዘዙልኝ። በመነጽሩ ምታቱን አጥርቼ ያየሁት እንደሆን እንጃ እንጂ ምንም አልቀነሰልኝም። ሦስተኛው ደግሞ «ጭንቀት ነው፣ ጨጓራም ሊሆን ይችላል» አለኝ። ከማናቸውም አንዱ «የመታሽ ነገር አለ ወይ?» ብሎ አልጠየቀኝም። እኔም አልተናገርኩም። ሳቅ አድርገን ያሳለፍነው ነገር በሽታ ይሆናል ብሎ ማን ያስባል?

ከዚያ በኋላ የመጣው ነው ያስፈራኝ። ለሰርግ የሚደርስ ቀሚስ ይዤ ሁለቱንም እጅጌ ለአንድ ክንድ ቆረጥኩት። እኔ! ስንት ዓመት የሰፋሁ ሴት! የቀሚሱ ባለቤት እንዳታይብኝ ጨርቁን ደበቅኩት። ቀጥሎ ጨርቁን የምደግፍበት፣ ወደ መርፌው የምገፋበት ግራ እጄ የያዘውን መልቀቅ ጀመረ። ግራ እግሬ ነጠላ ጫማውን መንገድ ላይ ይተወዋል፣ ባዶ እግሬን መሆኔን የማውቀው ሰው ሲነግረኝ ነው። ጎረቤቶቼ «ውብዬ፣ ደግሞ ማንን እያሰብሽ ነው?» ብለው ይስቁብኛል። አብሬ እስቃለሁ፤ ውስጤ ግን ርዷል። ማታ ማታ ደምሴ ሲተኛ ግራ እጄን በቀኜ ይዤ ጣቶቼን አንድ በአንድ አጥፌ እዘረጋ ነበር። ሰው ሽባ የሚሆነው እንዲህ እየተጀመረ ይሆን? ልጄን ማን ያሳድግልኛል? ጭንቅ ጥብብ ሲለኝ ተነስቼ ፌቨን ከምትተኛበት አልጋ ጫፍ ቁጭ እላለሁ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ አየኋት። ልጠራት አፌን ከፈትኩ፤ ስሟ ጠፋኝ። ፊቷን አውቀዋለሁ፣ ልጄ መሆኗን አውቃለሁ፣ ስሟ ግን የለም። «አንቺ... አንቺ...» ስላት ደንግጣ ቆመች። «እማ፣ ምን ሆንሽ?» አለችኝ። የዚያን ቀን ነው ቁርጤን ያወቅኩት። አልቅሼ ስሟ እንደጠፋኝ ለደምሴ ነገርኩት። እሱም አልቅሶ ሲያበቃ «ነገ አዲስ አበባ እንሄዳለን» አለ። እናቴ ግን «ዓይን ነው የበላት፣ መጀመሪያ ጸበል ትሂድ» ብላ ከራስጌዬ አልነሳም አለች። የደምሴ ፊት ይጠቁራል፣ የእናቴ ድምፅ ይጨምራል። እነሱ እኔ ወዴት እንደምሄድ ሲከራከሩ እኔ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኝ ጀመር። ከዚህ በኋላ ያለውን እኔ በደንብ አላስታውሰውም፤ ደምሴ የነገረኝን ነው የምነግራችሁ።

መታመሜን የሰማ ጎረቤት ሁሉ ሊጠይቀኝ መጣ። «ምሕረቱን ያምጣልሽ» እያሉ ሙዝና ብርቱካን አስቀምጠው ይቀመጣሉ። ጋሽ ሙላቱም መጡ። ከቤተሰቡ ማንም ከእሳቸው ጋር ድንጋይ እንደምወጣ እንጂ ድንጋይ እንደመታኝ አያውቅም። ከበሩ ላይ ቆመው እንደ ልማዳቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣

«ውብዬ!» አሉ።

ዝም።

«ውብዬ?»

ዓይኔ ክፍት ነበር ይላል ደምሴ። ነቅቻለሁ። ግን ግድግዳውን እያየሁ ዝም አልኩ። ጋሼ በር ላይ እንደቆሙ ፊታቸው አመድ መሰለ። ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ አጠገቤ መጥተው ጆሮዬ ሥር «ውባለም!» ብለው ጠሩኝ። አሁንም ምንም የለም። ሰዎቹ «ደክሟት ነው ጋሼ፣ ይተዋት ትረፍ» አሏቸው። እሳቸው ግን ወደ እናቴ ዞረው፣

«እመት፣ ይቺ ልጅ ተጠርታ አቤት ሳትል ቀርታ ታውቃለች?» አሉ።

«ኧረ በሞትኩት! እንዴት ተደርጎ!» አለች እናቴ።

ጋሼ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። «ድንጋዩ ነው» አሉ። ቀጥለውም የተሰበሰበው ሰው ሁሉ እየሰማ «ድንጋይ መትቷታል። የጣልኩባት እኔ ነኝ» አሉ። ደምሴ ብድግ ብሎ አንገታቸውን ሊያንቅ ምንም አልቀረው፤ ራሱ ነው የነገረኝ። ሽማግሌ መሆናቸው ነው ያዳናቸው። እሳቸው ግን አልሸሹም። «ኋላ ትመታኛለህ። አሁን መኪና ፈልግ» አሉት።

ወልቂጤ ጭንቅላትን ከውስጥ የሚያሳይ ማሽን ያለው ሆስፒታል እንዳለ፣ የጭንቅላት ቀዶ ሐኪምም እዚያ እንደሚገኝ ጋሼ ያውቁ ነበር። አዲስ አበባ ከሚገኘው ወረፋ ይልቅ ይሄ ይሻላል ተባለና የጎረቤት መኪና ተለምኖ ተራራውን ይዘን ወጣን። ከመንገዱ የማስታውሰው ጉም ብቻ ነው፤ መስታወቱ ላይ የተለጠፈ ነጭ ጉም። እናቴ ጭንቅላቴን ጭኗ ላይ አድርጋ በየጉድጓዱ ማርያም ማርያም ትላለች። ጋሼ ከፊት ወንበር ተቀምጠው፣ ከሱቄ አስወርደው ያመጡትን ሄልሜት ጉልበታቸው ላይ ይዘዋል። ደምሴ መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተናገራቸውም። ዩኒቨርሲቲው ያለበት ጉብሬ ስንደርስ ተማሪው መንገድ ሞልቶ ባጃጁ አላሳልፍ ቢለን፣ ደምሴ መስኮት ከፍቶ «ሰው እየሞተብኝ ነው!» ብሎ ጮኸ። ያን ጩኸት እኔም ሰምቼዋለሁ። ማን ነው የሚሞተው ብዬ አሰብኩ።

ሆስፒታል ስንደርስ መብራት የለም። ጄኔሬተሩ ማሽኑን አይሸከምም፣ ጠብቁ ተባልን። ኮሪደሩ በሰው ተሞልቷል። ወለል ላይ ምንጣፍ አንጥፈው የሚጠብቁ አሉ፤ እኔን አግዳሚ ላይ አጋደሙኝ። ከቡታጅራ ወዲያ ካለችው ቆሼ ልጃቸውን ይዘው የመጡ አንዲት እናት አይተውኝ የራሳቸውን ሻርፕ ጠቅልለው ራሴ ሥር አደረጉልኝ። «አብሽሪ ልጄ፣ አላህ አለ» አሉኝ። የገዛ ልጃቸው እግሩ ተሰብሮ እያቃሰተ፣ እሳቸው ለእኔ ዝንብ ሲያባርሩ እንደነበር ደምሴ እስከ ዛሬ ያወራዋል። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅናቸውም፤ ያ ነገር አንጀቴን ይበላኛል።

ነርሷ መጥታ ትጠራኛለች፣ ዓይኔን ገልጣ በባትሪ ታያለች፣ ትሄዳለች። ሦስተኛ ስትመጣ ፊቷ ተለወጠ። አንደኛው ብሌኔ ከሌላው መስፋት ጀምሮ ነበር። ለደምሴ ምንም አልነገረችውም፤ እሱ ግን ስትሮጥ አይቶ ግራ እጄን ያዘ። ሐኪሙ መጣ፤ ወጣት ነው። «ምን መታት? መቼ?» አለ። ደምሴ አያውቅም። ጋሼ ሄልሜቱን አቀበሉት። ሐኪሙ አገላብጦ አየውና ጥፍሩን በጠርዙ ላይ ሲያስኬድ አንድ ቦታ ላይ ያዘው። እንደ ፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ ነበረች። ሱቄ ውስጥ ስንት ሳምንት ተሰቅሎ፣ ደንበኛው ሁሉ «ልብስ ሰፊ ሄልሜት ምን ያደርግላታል?» እያለ እያንኳኳው ሲስቅ፣ ማንም አላያትም።

መብራቱ መጣ። እልል ያለ ሰው ነበር አሉ፤ ስንቱ እንደኔ እየጠበቀ ይሆን! አስገቡኝ። ሐኪሙ ለቤተሰቤ ያስረዳው ይህን ነው፤ በኋላ ለእኔም ደግሞልኛል። ጭንቅላት ሲመታ በአንጎልና በራስ ቅል መካከል ያለች ቀጭን የደም ሥር ትቀደዳለች። ደሙ በአንዴ አይፈስም፤ በደንብ እንዳልተዘጋ ቧንቧ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ለሳምንታት ይጠራቀምና ቦታ ሲጠበው አንጎልን ይጫናል። ራስ ምታቱ፣ የግራ እጄና እግሬ፣ የልጄ ስም፣ ሁሉም ከዚያ ነው የመጣው። «አሁኑኑ ከፍተን ካላፈሰስነው ሌሊቱን አታልፍም» አለ።

ደምሴ የፈቃድ ወረቀት ላይ ፈርም ተባለ። እስክሪብቶውን ተቀብሎ መልሶ ወረቀቱ ላይ አስቀመጠው። ሚስቱን ጭንቅላቷን ክፈቱት ብሎ መፈረም ምን ማለት ነው! ዞር ሲል ጋሽ ሙላቱ እጅጌያቸውን ሰብስበው ደም ሊሰጡ ሄደው «ዕድሜዎ አልፏል አባቴ» ተብለው ተመልሰው፣ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። እጅጌያቸውን እንኳ አላወረዱትም። ከቡታጅራ ጀምሮ ያልተናገራቸው ደምሴ፣

«ጋሼ፣ ምን ላድርግ?» አላቸው።

«ፈርም ልጄ» አሉት። «ፈርም። ይኼን እኔ እችለዋለሁ ብለህ አትያዘው፣ ስጣቸው።»

ፈረመ። ፀጉሬን ላጩኝ። ስላጭ ነቃ ብዬ ነበርና «ፌቨንን ጠጉሯን እንዳትቆርጧት» አልኩ አሉ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም።

እኔ ተኝቼ ነበር፤ የፈራሁት ፍርሃት የለም። ፍርሃቱ ሁሉ ለእነሱ ቀረላቸው። በር በተከፈተ ቁጥር ሦስቱም ይነሳሉ፤ የሌላ ሰው አስታማሚ ሲጠራ ይቀመጣሉ። በመጨረሻ ሐኪሙ ራሱ ወጣ። ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ከፍተው ደሙን እንዳስወጡት፣ ጥቁር ዘይት የመሰለ እንደነበር፣ አሁን መጠበቅ ብቻ እንደሆነ ነገራቸው። «ትነቃለች?» አለች እናቴ። «እናያለን» አላት። ሐኪም «እናያለን» ሲል እንዴት ያስፈራል!

ስነቃ ጭጋግ ውስጥ ሆኜ ድምፅ እሰማለሁ። የእናቴ ነው። «ውብዬ... ውብዬ...» አፌ እንደ ጥጥ ደርቋል። ምላሴን አንቀሳቅሼ «አቤት» አልኩ። እናቴ እልልታዋን ለቀቀችው፤ ነርሷ «እናት፣ እዚህ ሆስፒታል ነው!» ብትላት ማን ሰምቷት። ደምሴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አለቀሰ። ጋሼ የሉም ነበር። ከበሩ ውጭ ሆነው ሰምተው «በቃ» ብለው ወደ ቡታጅራ በሚኒባስ ተመለሱ። ሊያዩኝ አልገቡም።

ማገገም እንደ ወሬው ቀላል አይደለም። ግራ እጄ ቁልፍ መቆለፍን እንደ ሕፃን ነው የተማረው። ወጪው ያለንን አራግፎታል፤ አንዷን የስፌት መኪናዬን ሸጬ ቀሪዋ ላይ በአንድ እጅ መስፋት ተለማመድኩ። ጭንቅላቴን ሻሽ አስሬ ሰው ፊት ስወጣ ሆዴ ይባባል። ከሁሉ የከፋው ግን ፍርሃቱ ነው። ጥቂት ራሴን ካመመኝ ተመልሶ መጣ ብዬ እርበተበታለሁ። ነጠላ ጫማዬ ባመለጠኝ ቁጥር ቆሜ የግራ እግሬን ጣቶች አንቀሳቅሳለሁ። ፌቨን ደግሞ ቤት ውስጥ ዝም ካልኩ ከጓሮ ሮጣ መጥታ «እማ፣ ስሜ ማን ነው?» ትለኛለች። «ፌቨን» ስላት ትሄዳለች። ተመልሰን ወልቂጤ ሄደን ማሽኑ ንጹሕ ነሽ እስኪለኝ ድረስ እንዲሁ ነው የኖርነው።

ይህን የምታነቡ፣ ራሳችሁን ድንጋይም ይምታው የበር ጉበን፣ ደም አልፈሰሰም ብላችሁ አትርሱት። ከሳምንታት በኋላ ራሳችሁን ካመማችሁ ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም እናንተ ንገሩት፤ ቢስቅባችሁም ንገሩት። ድንጋይ የመታው ሄልሜት ሥራውን ጨርሷል፣ ጣሉት፤ ለጌጥ አይሆንም። ጥላ ፍለጋም ከገደል ሥር አትቀመጡ። እኔ ያን ጥላ እስከ ዛሬ በሕልሜ አየዋለሁ።

ጋሽ ሙላቱ እሁድን ተዉት። ገመዱን እኔ በሰፋሁት ከረጢት ቋጥረው ቤታቸው አስቀመጡት። መንገድ ላይ ሲያዩኝ ከሩቅ አይጠሩኝም፤ እንደ ባዕድ ሰው ቀርበው፣ ኮፍያቸውን አንስተው፣ በዝግታ «እንዴት ነሽ?» ይሉኛል። ስሜን ከአፋቸው ካጣሁት ቆይቷል። ይሄ ከራስ ምታቱ ያልተናነሰ አመመኝ። ደምሴን ላክሁት። ደምሴ ነው ሄዶ «ጋሼ፣ ውብዬ ገደሉን ማየት ትፈልጋለች፣ ያለ እርስዎ አልሰዳትም» ያላቸው። እኔ አልወጣም፤ ሐኪሙ ከልክሎኛል። እሁድ እንዲመለስ ጋሼን ሲለምኑ ለከረሙት አዲስ ልጆች ግን ከታች ቆሜ የምናገረው ነገር አለኝ።

ጋሼ እሺ ብለው ገመዱን ከከረጢቱ አወጡ። ዝናብ ከጠፋ ቆይቶ ነበር። አዲስ ሄልሜት አጠለቅኩ። ለልጆቹ «እዚህ ገደል ሥር ማንም ቢጠራችሁ አቤት አትበሉ» አልኳቸው። «ለእናታችሁም፣ ለአባታችሁም። ‹ድንጋይ› ስትሰሙ ግድግዳው ላይ ተለጠፉ፤ ላይ ያለው ሰው ‹አለቀ› እስኪል አፍም አትክፈቱ፣ ዓይንም አታንሱ።» ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ጋሼ ገመዱን ሊያስሩ አናቱ ላይ ወጡ። እኔ ወደ ጎን ርቄ ቆምኩ። ብዙም ሳይቆይ ከላይ ተንኮሻኮሸ።

«ድንጋይ!»

ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ። ግንባሬ ቀዝቃዛውን ድንጋይ ነካ። ከኋላዬ ኳ፣ ኳ እያለ አለፈና ቁጥቋጦው ውስጥ ገባ። ከላይ «አለቀ» አላሉም። ዓይኔን ጨፍኜ ጠበቅኩ።

«ውብዬ!» አሉ ጋሼ።

አልመለስኩም። ጥርሴን ነከስኩ። እንዴት እንደሚከብድ!

«ውብዬ? ኧረ ውብዬ!»

በር ላይ ቆመው ሲጠሩኝ ያላገኙትን መልስ እያሰቡ እንደሆነ አውቃለሁ። እሳቸው ላይ ሆነው ዝምታዬን እየሰሙ ነው፣ እኔ ታች ሆኜ የእሳቸውን ፍርሃት እሰማለሁ። የራሳቸው ሕግ ነው፤ እስኪያስታውሱት ጠበቅኩ። ትንሽ ቆይቶ፣ ለቅሶ በተቀላቀለበት ድምፅ፣

«አለቀ!» አሉ።

ያኔ፣ ፊቴን ከድንጋዩ ሳላነሳ፣ «አቤት ጋሼ፣ አለሁ» አልኳቸው።